አርባ ጊዜ ያረረ ቆሽት

አማርኛ ተናጋሪ «ቆሽቴ አረረ» ሲል ተናደድኩ ማለቱ እንጂ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ ማለቱ አይደለም። ከሆድ ዕቃ ሁሉ መርጦ ንዴትን ቆሽት ላይ ያሳረፈው የጥንት ሰው ግን አንድ ነገር ሳይገባው አልቀረም። ቆሽት በእርግጥም ራሱን በራሱ ማሳረር የሚችል አካል ነው። ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ያዘጋጅና ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል፤ ኢንዛይሞቹ ገና ከቤት ሳይወጡ ሥራ ከጀመሩ ግን የሚፈጩት ምግቡን ሳይሆን ቆሽቱን ይሆናል። ሐኪሞች የቆሽት ብግነት ይሉታል። ሕመሙ ከእምብርት በላይ ተነስቶ እንደ መቀነት ወደ ጀርባ ይዞራል፤ በጀርባ መተኛት ስለማይቻል በሽተኛው ጉልበቱን አቅፎ ወደ ፊት ጎንበስ ይላል፤ የቀመሰው ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። ቀለል ያለው በጥቂት ቀናት ይበርዳል። ከባዱ ሳንባንና ኩላሊትን ይዞ ይወድቃል፤ ይገድላልም።

የዚህ ጽሑፍ ባለ ጉዳይ ይህን ሕመም ይዛ ከ40 ጊዜ በላይ ሆስፒታል የገባች፣ በጀርመን የምትኖር ሴት ናት። ስሟ በይፋ አልተነገረም፤ መነገርም አልነበረበትም። በይፋ የሚታወቀው በሴፕቴምበር 2015 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በርሊን በሚገኘው ሻሪቴ ሆስፒታል ጭኖቿ ላይ 40 ጊዜ መርፌ መወጋቷ ነው። በመርፌው ውስጥ የነበረው ግላይቤራ የሚባል የዘረመል መድኃኒት በዚያን ጊዜ የዓለም ውዱ መድኃኒት ይባል ነበር። በገበያ ዋጋ የተገዛው ለእሷ ብቻ ነው።

ስለ ዋጋው ብዙ ተጽፏል፤ እኔም ሳልነካው አላልፍም። ይበልጥ የያዘኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ መድኃኒቱ ሠርቷል ወይስ አልሠራም? መልሱ የሚለዋወጠው በምንቆጥረው ነገር ነው። በደም ውስጥ ያለውን ስብ የቆጠረ ሰው አልሠራም ይላል። ሆስፒታል የታደረባቸውን ሌሊቶች የቆጠረ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አይደመድምም።

ስልባቦት የያዘ ደም

የዚህ ዓይነት ታካሚ ደም ሲቀዳ የለመድነው ቀይ መሆኑ ቀርቶ እንጆሪ የተጨመረበት እርጎ ይመስላል። ብልቃጡን አቁመው ቢያቆዩት ደግሞ እንደ ታለበ ወተት ከላይ ነጭ ስልባቦት ይይዛል። ስልባቦቱ ካይሎማይክሮን በሚባሉ ጥቃቅን ኳሶች ተጭኖ የሚጓዝ የምግብ ቅባት ነው። የማንኛችንም ደም ጮማ ከበላን በኋላ ለጥቂት ሰዓታት እንዲህ ይደፈርሳል፤ ከዚያ ይጠራል። የሚያጠራው ሊፖፕሮቲን ላይፔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። በጡንቻና በስብ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ኳሶቹ ሲያልፉ እየያዘ፣ የተሸከሙትን ትራይግሊሰራይድ የሚባል ስብ ይሰባብራል፤ ጡንቻው ያነደዋል፣ ስቡ ያከማቸዋል።

የበርሊኗ ታካሚ የሚሠራ ኢንዛይም አልነበራትም። እንዲህ የሚሆነው ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን የወረሰ ሰው ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰው ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል። ከሚሊዮን ሰው መካከል አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። የበላችው ቅባት ሁሉ በደሟ ውስጥ ሲንሳፈፍ ይውላል፣ ያድራል። በባዶ ሆድ የተለካ ትራይግሊሰራይድ ከ150 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ደህና ይባላል። ከ500 ሲያልፍ ሐኪሙ ስለ ልብ ማሰቡን ለጊዜው ያቆይና ስለ ቆሽት ማሰብ ይጀምራል፤ ከ1,000 በላይ አደጋው ጎልቶ ይወጣል። ኢንዛይሙ የሌላቸው ሰዎች ቁጥር በሺዎች ይነበባል።

ታዲያ ስቡ ቆሽትን የሚያሳርረው እንዴት ነው? ኳሶቹ ትልልቅ ናቸው፤ የቆሽትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይደፍናሉ፣ ደም እንደ ልብ እንዳይዘዋወር ያደርጋሉ። በዚያ ላይ ቆሽት ራሱ ስብ የሚሰብር ኢንዛይም ባለቤት ነው፤ ከእሱ የሚያመልጠው ጥቂቱ በአጠገቡ የተጨናነቀውን ስብ ሲሰብረው የሚወጡት የቅባት አሲዶች የቆሽቱን ሴሎች ይልጣሉ። ሴሎቹ ሲጎዱ ተጨማሪ ኢንዛይም ያፈሳሉ። እሳቱ በራሱ ዘይት ይቀጣጠላል ማለት ነው።

ስልባቦቱ ምርመራውንም ያሳስታል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። አሚሌዝ የሚባለው የተለመደ የቆሽት ምርመራ በቅባት በደፈረሰ ደም ውስጥ ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል። በሽተኛው በሕመም እየተንከባለለ «ቆሽትህ ደህና ነው» የሚል ወረቀት ሊደርሰው ነው። የቆሽት ላይፔዝ መለካትና አስፈላጊ ሲሆንም ሆዱን በሲቲ ስካን ማየት ከዚህ ስህተት ያድናል። የላብራቶሪ ባለሙያው ብልቃጡን ቀና አድርጎ አይቶ «ይህ ደም ወተት ነው» ብሎ ለሐኪሙ ቢደውል ደግሞ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ትራይግሊሰራይድ በሽተኛው ሆስፒታል በገባበት ሰዓት መለካት አለበት፤ ምግብ በተከለከለ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ቁጥሩ ስለሚወርድ ዘግይቶ የለካ ሰው ምክንያቱን ሳያገኘው ይቀራል። ምክንያቱ ያልታወቀ ብግነት ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ማንኪያ ተኩል

ግላይቤራ እስኪመጣ ድረስ ሐኪሞች ለእነዚህ ሰዎች የነበራቸው መድኃኒት ክልከላ ብቻ ነበር። በቀን ከ20 ግራም ያልበለጠ ቅባት። ትራይግሊሰራይድን ለማውረድ የተለመዱት ፋይብሬትና የዓሣ ዘይት ሥራቸውን የሚሠሩት በአመዛኙ በዚያው በሌለው ኢንዛይም በኩል ስለሆነ እዚህ እምብዛም አይረዱም። ስታቲንም እንዲሁ።

20 ግራም በወረቀት ላይ ቁጥር ነው። ወጥ ቤት ውስጥ እንየው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 14 ግራም የሚጠጋ ቅባት አለው፤ ንጥር ቅቤም ያው ነው። ስለዚህ የቀኑ ድርሻ አንድ ማንኪያ ተኩል እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ላይ ሥጋው፣ ወተቱና እንቁላሉ የየራሳቸውን ቅባት ይዘው ይመጣሉ። እኛ አገር ሽንኩርት ሲቁላላ ዘይቱ በማንኪያ ተለክቶ አያውቅም፤ ከጠርሙሱ ይንቆረቆራል። «ጾም ላይ ነኝ፣ ቅቤ አልነካሁም» ብሎ የሚጽናና ሰው አጋጥሞኛል። ቆሽት ፍስክና ጾም አይለይም። የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ኑግ፣ ለውዝ፣ አቮካዶ ሁሉም ጾም ናቸው፣ ሁሉም ቅባት ናቸው። ጤፍ በራሱ ቅባቱ ጥቂት ነው፤ ምስርና ሽሮ ያለ ዘይት ቢሠሩ ከዚህ ድርሻ ብዙ አይወስዱም፤ የሚያስቸግረው ማባያው ነው።

ለእነዚህ ታካሚዎች የሚፈቀድ አንድ ለየት ያለ ዘይት አለ፤ መካከለኛ ሰንሰለት ያለው ቅባት ይባላል። ከአንጀት በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ ካይሎማይክሮን ላይ አይጫንም። ምግብ ማብሰል ይቻልበታል። ጣዕሙ ግን ማንንም የሚያስቀና አይደለም።

ይህን ሁሉ ጠብቆ መኖር ማለት ሠርግ ላይ ተቀምጦ አለመብላት፣ እንግድነት ሄዶ ማስቀየም፣ ልጅ ሆኖ የጓደኛን የልደት ኬክ እያዩ መቅረት ነው። ጠብቀውም እንኳ ብግነቱ የሚመጣባቸው አሉ። የበርሊኗ ሴት ከ40 ጊዜ በላይ ሆስፒታል መግባቷን የሰማ ሰው ሆዷን መግዛት አቃታት ብሎ ለመፍረድ ይቸኩል ይሆናል። የሰውነቷ ቅባት የሚያልፍበት በር የተቆለፈባትን ሴት ግን እንዲህ መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። ትራይግሊሰራይዱ አሻቅቦ ቆሽቱ ያረረ ሰው ሁሉ ይህ ብርቅ በሽታ የለበትም፤ አብዛኛው የለበትም። አብዛኛው ከቤተሰቡ የወረሰው መጠነኛ ዝንባሌ ያለበትና ሌላ ነገር የተጫነበት ሰው ነው፦ ያልተያዘ ስኳር፣ መጠጥ፣ ውፍረት፣ የሰነፈ ታይሮይድ፣ የእርግዝና የመጨረሻ ወራት፣ ኢስትሮጅን ያለበት ኪኒን፣ ስቴሮይድ፣ ለኤችአይቪ የሚሰጡ ሪቶናቪር ያለባቸው መድኃኒቶች። የስኳሩ ነገር በተለይ አይናቅ፤ ኢንሱሊን ሲያንስ ያ ደም አጥሪ ኢንዛይም ይሰንፋል፣ ጉበትም ስብ እያመረተ ወደ ደም ይለቃል። ለእነዚህ ሰዎች ፌኖፋይብሬት ይሠራል፣ ኦሜጋ 3 ይሠራል፣ ስኳርን መቆጣጠር ይሠራል፣ መጠጥን ጨርሶ መተው ይሠራል። ግቡ ቁጥሩን ከ500 በታች አውርዶ እዚያ ማቆየት ነው። ጠጅ ለእነሱ ሁለት ጊዜ ጥፋት ነው፤ ስኳርም አልኮልም በአንድ ብርሌ። ወፍራም ያልሆነ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሆዱን ሲያመው የኖረ፣ ፋይብሬት ወስዶ ቁጥሩ ያልተነቃነቀ ሰው ግን የበርሊኗ ሴት ዘመድ ሊሆን ስለሚችል የጂን ምርመራ ያስፈልገዋል።

ከሳግኔ እስከ አምስተርዳም፣ በድመቶች በኩል

በሽታው በዓለም ላይ በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ በካናዳ የኩዊቤክ ግዛት ያለው የሳግኔ አካባቢ ነው። ከፈረንሳይ በ17ኛው መቶ ዘመን የመጡ ጥቂት ቤተሰቦች ተዋልደው ተባዝተው፣ ልጆቻቸው ወደ ሰሜን ወጥተው አካባቢውን አቀኑት፤ የተበላሸው ጂንም አብሯቸው ተጓዘ። ዘሩ ከጥቂት ሰዎች ሲመዘዝ ሁለት ተሸካሚዎች የመጋባታቸው ዕድል ይሰፋል። በ1991 በቫንኮቨር በማይክል ሄይደን የተመራ ቡድን በፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን ዘንድ የበሽታው ዋና መነሻ የሆነውን የጂን ስህተት ለይቶ አሳተመ።

ስህተቱ ከታወቀ ትክክለኛውን ጂን መስጠት ነው የቀረው። ሲሉት ቀላል ነው። ሄይደን ጋ ይሠራ የነበረው ሆላንዳዊው ሐኪም ጆን ካስተላይን አምስተርዳም ተመልሶ ኩባንያ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ ኩባንያው በኋላ ዩኒኪዩር ተባለ። ጂኑን የሚሸከም በሽታ የማያመጣ ቫይረስ ተመረጠ። የተጫነበት ጂንም ተራው አይደለም፤ ከአውሮፓ ተወላጆች ወደ 20 በመቶ የሚሆኑት በተፈጥሮ የሚይዙት፣ ከተለመደው ትንሽ ጎበዝ የሆነ ዓይነት ነው። ከሰው በፊት የተሞከረው በድመት ላይ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ይህንኑ ኢንዛይም ሳይዙ የሚወለዱ ድመቶች ተገኝተው ነበር፤ የእነዚያ ዘሮች ቫንኮቨር ውስጥ በኮሊን ሮስ እጅ ጂኑን ተወጉና ደማቸው ጠራ። ተፈጥሮ ሳትጠየቅ ያዘጋጀችው ሞዴል ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ሰው ተራው ደረሰ። በሆላንድና በካናዳ በድምሩ 27 ሰዎች በሙከራ ተወጉ። በካናዳ በኩል ሥራውን የመራው እዚያው ሳግኔ፣ ሺኩቲሚ ላይ የሚሠራው ዳንየል ጎዴ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ይመለሳል።

የመድኃኒቱ ሐሳብ ለአንድ ጊዜ ብቻ መወጋት ነው። የጭን ጡንቻ ጂኑን ተቀብሎ ኢንዛይሙን በራሱ ያመርታል። ሙከራው ላይ የታየው ግን እንዲህ ነበር፦ በባዶ ሆድ የሚለካው ትራይግሊሰራይድ ከመርፌው በኋላ ባሉት ሳምንታት ወረደ፤ ግማሽ ዓመት ሳይሞላ ወደነበረበት ተመለሰ።

ለአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ኮሚቴ ይህ በቂ መልስ ነበር። በ2011 ሁለት ጊዜ፣ በ2012 አንድ ጊዜ አይሆንም አለ። የኩባንያው ወገን ሌላ ነገር ይዞ ተከራከረ። ልዩ ምልክት የተደረገበት ምግብ በልተው በተጠኑት ጥቂት ታካሚዎች ላይ፣ ከምግብ በኋላ የሚመጣው የካይሎማይክሮን ጎርፍ ቶሎ ይጠራ ነበር። ቆሽትን የሚያሳርረው ደግሞ በባዶ ሆድ ማለዳ የሚቀዳው ደም ሳይሆን ከእራት በኋላ ያለው ጎርፍ ነው፤ ማለዳ የሚለካ ሰው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ወንዙን እንደሚለካ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የተወጉት ሰዎች ሆስፒታል የሚመላለሱበት ጊዜ ተራርቆ ነበር። በኋላ እስከ 6 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ተሄዶ መዝገባቸው ሲመረመር ብግነቱ በግማሽ ያህል መቀነሱ ታየ።

ለኮሚቴው ሰዎች ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። ጥርጣሬያቸው ሞኝነት አልነበረም። የተወጉት ሰዎች ቁጥር ትንሽ ነው፣ ማነጻጸሪያ ቡድን የለም። ሰው ወደ ሙከራ የሚገባው ሲብስበት ነው፤ ከከፋ ዓመት በኋላ የሚመጣው ዓመት መድኃኒት ባይኖርም የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሙከራ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ምግቡን ከወትሮው ይበልጥ ይጠነቀቃል። እኔም ኮሚቴው ውስጥ ብሆን እጄን ለማንሳት አመነታ ነበር።

በጁላይ 2012 በአራተኛው ዙር መንገድ ተገኘ። መድኃኒቱ በሽታው ላለበት ሁሉ ሳይሆን፣ ቅባት ከልክሎም ከባድ ወይም ተደጋጋሚ ብግነት ላልለቀቀው ሰው ብቻ ይሰጥ ተባለ። በጂን ምርመራ መረጋገጥ አለበት፤ በደሙ ውስጥ የማይሠራም ቢሆን የኢንዛይሙ ፕሮቲን ሊገኝ ይገባል፣ አለዚያ ሰውነቱ አዲሱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የአውሮፓ ኮሚሽን ፈቃዱን ፈረመ። በምዕራቡ ዓለም ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው የዘረመል መድኃኒት ይኸው ነው።

ሻሪቴ፣ 2015

ፈቃድ ማግኘትና በሽተኛ ማግኘት የተለያዩ ናቸው። ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ አንድም ሰው አልተገዛለትም። ሻሪቴ ውስጥ የስብ ሕመሞችን ታክም የነበረችው ፕሮፌሰር ኤሊዛቤት ሽታይንሃገን-ቲሰን ለታካሚዋ መድኃኒቱን ለማስፈቀድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያህል ሰነድ አዘጋጅታ ለጤና መድን ድርጅቱ አስገባች። ሰነዱ ብቻውን አልበቃም፤ የድርጅቱን ዋና ኃላፊ በስልክ ማነጋገርም አስፈለገ። ዳክ-ጌዙንድሃይት የተባለው መድን ሰጪ ለመክፈል ተስማማ። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው የክርክሩን መሠረት ነው። ሐኪሟ ይዛ የቀረበችው የትራይግሊሰራይድ ቁጥር አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከ40 በላይ የሆስፒታል ቆይታ ነበር። ከላቦራቶሪ ወረቀት ይልቅ ለመድን ድርጅት የሚገባው ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ቆይታ የአልጋ ሒሳብ አለውና።

የመድኃኒቱ አሰጣጥ አድካሚ ነው። መመሪያው እንደሚያዘው ከመርፌው ሦስት ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ለ12 ሳምንታት የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክሙ ሁለት መድኃኒቶች ይወሰዳሉ፤ ጡንቻው የተቀበለውን ቫይረስ ሰውነት እንዳያሳድደው። በዕለቱ ከመርፌው ግማሽ ሰዓት በፊት ስቴሮይድ ይሰጣል። ከዚያ በማደንዘዣ ጭንና ባት ላይ በየቦታው፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ግማሽ ሚሊሊትር። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ነው።

ሒሳቡን ሠርቼ አየሁት። አንድ ብልቃጥ 1 ሚሊሊትር ይይዛል፤ ለሁለት መርፌ ይበቃል ማለት ነው። 40 መርፌ 20 ብልቃጥ ይፈልጋል። በጀርመን የተመዘገበው የፋብሪካ ዋጋ በብልቃጥ 43,870 ዩሮ ነበር። 20 ጊዜ ሲባዛ 877,400 ዩሮ ይመጣል፤ ተከፈለ ተብሎ ከተዘገበው 900,000 ገደማ ጋር ይቀራረባል። የችርቻሮ ዋጋው 53,000 ስለነበር፣ 62 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ሰው 21 ብልቃጥ ሲፈልግ ጠቅላላው 1.1 ሚሊዮን ይደርሳል፤ «የሚሊዮን ዩሮው መድኃኒት» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በአንድ ውጊያ ወደ 22,000 ዩሮ። አርባ ጊዜ ሆስፒታል ለገባች ሴት አርባ ውጊያ፤ ቁጥሩ የገጠመው በአጋጣሚ ነው፣ ግን አልረሳውም።

ከዚያ በኋላስ? በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ ሲዘገብ ሴትዮዋ በብግነት ተመልሳ ሆስፒታል አልገባችም ነበር። አንዲት ሴት ማስረጃ አትሆንም፤ ከላይ ስለ ኮሚቴው የጻፍኩት ጥርጣሬ ለእሷም ይሠራል። በሌላ በኩል ለእሷ ለራሷ ጥያቄው የስታቲስቲክስ አይደለም። ሆስፒታል ገባሁ ወይስ አልገባሁም? ይኸው ነው።

ጎዴ እንደገና

ለክርክሩ የተሻለ ማስረጃ የመጣው ከሌላ መድኃኒት ነው፤ መጀመሪያ የታየውም በዚያው በሺኩቲሚ ነው። ጉበት አፖ ሲ-3 የሚባል ፕሮቲን ያመርታል። ሥራው ያንን ደም አጥሪ ኢንዛይም ማገድ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ኢንዛይሙ ለሌለው ሰው አጋጁን ማስወገድ ትርጉም የለውም ይባል ነበር። ጎዴና ባልደረቦቹ ኢንዛይሙ የሌላቸው ሦስት ሰዎች ላይ ይህን ፕሮቲን የሚያፍን መርፌ ሞከሩ። ውጤቱ በ2014 ሲታተም ትራይግሊሰራይዳቸው ከ56 እስከ 86 በመቶ ወርዶ የሦስቱም ከ500 በታች ሆኖ ነበር። ስቡ ወደ ጉበት የሚገባበት ሌላ የጓሮ በር ነበረ፤ አፖ ሲ-3 ያንንም ይዘጋ ነበር።

የመርፌው የመጀመሪያ ትውልድ ቮላኔሶርሰን የደም መርጊያ ህዋሳትን ቁጥር ስለሚያወርድ አሜሪካ በ2018 ከለከለችው፤ አውሮፓ በ2019 በቅድመ ሁኔታ ፈቀደችው። የተሻሻለው ኦሌዛርሰን ግን በወር አንዴ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ነው። በ66 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት በ2024 ወጣ፤ በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፍለው 80 ሚሊግራም፣ 50 ሚሊግራም ወይም መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ተሰጣቸው። የ80ው ቡድን ትራይግሊሰራይድ ከማስመሰያው ጋር ሲነጻጸር በ43.5 የመቶኛ ነጥብ ወረደ። የ50ው ቡድን 22.4 ብቻ፤ በስታቲስቲክስ ሚዛን አጥጋቢ አልተባለም።

አሁን ሌላውን ዓምድ እንመልከት። በ53 ሳምንታት ውስጥ በማስመሰያው ቡድን 11 ብግነቶች ተቆጠሩ። በ80ው አንድ። ቁጥሩ አላጠገበም በተባለው በ50ውም አንድ።

ይህ ዓምድ ነው ስለ ግላይቤራ መለስ ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ። ቆሽት ከተወሰነ ልክ በላይ የሚቃጠል እንጂ ቁጥሩን እየተከተለ የሚቃጠል አይመስልም፤ ትንሽ የሚመስል መቀነስ ያንን ልክ እንዳይታለፍ ሊያደርግ ይችላል። ቁጥሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ ተብሎ የተናቀ መድኃኒት ብግነቱን አራርቆ ከነበረ፣ የተለካው የተሳሳተ ነገር ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ ኦሌዛርሰን ማነጻጸሪያ ቡድን ይዞ መምጣቱ ነው፤ ግላይቤራ አልያዘም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኦሌዛርሰንን በዲሴምበር 2024 ፈቀደ፤ ሲወጣ ዋጋው በዓመት 595,000 ዶላር ነበር። በ2025 መጨረሻ ደግሞ በሦስት ወር አንዴ የሚወጋውና በዚያው ፕሮቲን ላይ የሚሠራው ፕሎዛሲራን በዓመት 60,000 ዶላር ተከተለው። የሁለቱም ፈቃድ ላይ አንድ ነገር ተጽፏል፦ ከአመጋገብ ጋር ተደርቦ የሚሰጥ። አንድ ማንኪያ ተኩሉ አሁንም አለ።

የመጨረሻዎቹ ብልቃጦች

ከበርሊኗ ሴት በኋላ ሌላ ገዢ አልመጣም። ዩኒኪዩር የአሜሪካን ገበያ ቀድሞ ትቶት ነበር፤ በኤፕሪል 2017 የአውሮፓውንም ፈቃድ እንደማያሳድስ አስታወቀ። ምክንያቱ ገዢ መጥፋቱ እንጂ መድኃኒቱ ጎዳ የሚል አልነበረም። ፈቃዱ ኦክቶበር 25 ቀን 2017 አበቃ።

ከዚያ በፊት ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሦስት ሰዎች የሚበቃ ቀርቶ ነበር፤ ጊዜው እያለፈበት። ብልቃጡ 53,000 ዩሮ የተባለለት መድኃኒት ለሦስት ታካሚዎች ለእያንዳንዳቸው በ1 ዩሮ ተሰጠ። ከ27ቱ የሙከራ ተሳታፊዎችና ከበርሊኗ ሴት ጋር ግላይቤራን የተወጋው ሰው ብዛት 31 ነው።